ማዘጋጃ ቤቱ ሊፈርመው ያልፈለገው ወረቀት

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1968 አጋማሽ የሜምፊስ ከተማ ገና ከድንጋጤዋ አልወጣችም ነበር። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በሎሬይን ሞቴል ሰገነት ላይ በጥይት ከተገደሉ ሁለት ሳምንት አልሞላም። ባለቤታቸው ኮሬታ ስኮት ኪንግ የባላቸው ቀብር ሳይፈጸም፣ ኤፕሪል 8 ቀን፣ ልጆቻቸውን ይዘው መጥተው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በዝምታ መርተዋል። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የሠራተኛ ጉዳይ ምክትል ሚኒስትሩን ጄምስ ሬይኖልድስን ከዋሽንግተን ልከዋል። ሬይኖልድስም የማዘጋጃ ቤቱን ሰዎችና የቆሻሻ ሰብሳቢዎቹን ማኅበር ለማስማማት ሌት ተቀን ይደክማሉ። እንዲህም ሆኖ ድርድሩን ካነቁት ቋጠሮዎች አንዱ፣ ላይ ላዩን ሲያዩት፣ አንድ የሒሳብ ሹም የሚጨርሰው ጉዳይ ነበር፦ የማኅበሩን ወርኃዊ መዋጮ ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ ማን ይቁረጥ?

ከንቲባ ሄንሪ ሎብ «ማዘጋጃ ቤቱ አይቆርጥም» የሚለውን አቋማቸውን ከአድማው መጀመሪያ አንሥቶ አልለቀቁም። ስለ ደመወዝ ጭማሪ ሲነሣ ግን ያን ያህል አልገረሩም፤ ጥቂት እንደሚጨምሩ ራሳቸው ተናግረዋል። የሜምፊስን ታሪክ አብዛኞቻችን የምናውቀው በኪንግ ሞት ነው። ኪንግ ወደዚያች ከተማ የተጠሩበትን ምክንያት በቅጡ ያወቅን ግን ብዙ አይደለንም። ገንዘቡን ከንቲባው በራሳቸው ፈቃድ ሊሰጡ ይችሉ ነበር። እምቢ ያሉት ሠራተኞቹ የመረጧቸው ሰዎች ፊት ለፊታቸው ተቀምጠው እንዲደራደሩ፣ የተስማሙበትም በጽሑፍ ሰፍሮ ማዘጋጃ ቤቱን እንዲያስር ነው። በጎ ፈቃድና መብት የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም እሱ ነው።

ሠራተኞቹ 1,300 ያህል ነበሩ፤ ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር መጠን ጥቁሮች ናቸው። ብዙዎቹ ከሚሲሲፒና ከምዕራብ ቴነሲ የጥጥ እርሻ ሸሽተው ኑሮ ፍለጋ የመጡ ነበሩ። በየሰዉ ጓሮ እየገቡ ቆሻሻውን በሳፋ ይገለብጣሉ፣ በጭንቅላታቸው ወይም በትከሻቸው ተሸክመው መኪናው ድረስ ያመጣሉ። ሳፋው ሲያረጅ ይበሳል፤ ፈሳሹ በአንገታቸው፣ በጀርባቸው ይወርዳል። ማታ ልብሳቸውን ደጃፍ ላይ ሳያወልቁ ወደ ቤት የማይገቡ ነበሩ። ሙሉ ጊዜ እየሠሩ ቤተሰባቸው ለድሆች የሚሰጠውን የመንግሥት ድጎማ የሚጠብቅም ብዙ ነበር። ዝናብ ሲጥል ጥቁሩ የቀን ሠራተኛ ወደ ቤቱ ይሰናበታል፤ ነጩ አለቃ ዝናቡ እስኪያባራ ተቀምጦ ሙሉ ቀን ይታሰብለታል። በጃንዋሪ 1968 መጨረሻ በፍሳሽ ማስወገጃ ክፍል የሚሠሩ ጥቁር ሠራተኞች የሁለት ሰዓት ብቻ ተከፍሏቸው የተመለሱት በዚህ ዓይነት ነው።

በፌብሩዋሪ 1 ቀን ደግሞ ከባድ ዝናብ ወረደ። ኤኮል ኮልና ሮበርት ዎከር የተባሉ ሁለት ሠራተኞች ጋቢናው ስለሞላ ከኋላ ገብተው ተጠለሉ፤ የተጠለሉት ቆሻሻው በሚጨመቅበት የመኪናው ሆድ ውስጥ ነበር። ያረጀው መጭመቂያ ሳይታሰብ ተነሣና ሁለቱንም ጨፍልቆ ገደላቸው። በሰዓት የሚከፈላቸው ስለሆኑ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ካሳ የሚያስገኝ መድን አልነበራቸውም። ማዘጋጃ ቤቱ ለቤተሰቦቻቸው የአንድ ወር ደመወዝና 500 ዶላር የቀብር ወጪ ሰጠ።

ይህም ቢሆን የተሰጠው በችሮታ ነው። «ይህን መኪና አልነዳም፣ ይገድለናል» የሚል ሠራተኛ አቤቱታውን ለማን እንደሚያቀርብ፣ በስንት ቀን መልስ እንደሚያገኝ፣ መልሱ ካላረካው ወዴት ይግባኝ እንደሚል የሚደነግግ አንድ መስመር እንኳ በዚያ መሥሪያ ቤት አልነበረም። የኅብረት ስምምነት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የደመወዝ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ስምምነቶቹን ሳነብ ከሁሉ በላይ የሚገዛኝ የቅሬታ አቀራረቡ ምዕራፍ ነው። የሰው ሕይወት የሚተርፈው በዚያ አሰልቺ በሚመስል ምዕራፍ ነው፤ አንደኛ ደረጃ የቅርብ አለቃ፣ ሁለተኛ ደረጃ የክፍል ኃላፊ፣ ሦስተኛ ደረጃ ገለልተኛ የግልግል ዳኛ፣ ለእያንዳንዱም የተቆረጠ ቀን።

ማኅበሩ በአንድ ጀምበር የተፈጠረ አልነበረም። ቲ.ኦ. ጆንስ የሚባሉ የቆሻሻ ክፍል ሠራተኛ በ1963 ባልደረቦቻቸውን ማደራጀት ሲጀምሩ 33 ሰዎች ከሥራ ተባረሩ። ጆንስ ግን ተስፋ አልቆረጡም። በቀጣዩ ዓመት የመንግሥት ሠራተኞችን የሚያደራጀው አፍስሚ የተባለው አገር አቀፍ ማኅበር ቅርንጫፍ አድርጎ ሲቀበላቸው፣ የተባረሩት 33 ሰዎች እንዲታወሱ የቅርንጫፉ ቁጥር 1733 ሆነ። በ1966 ሊመቱት ያሰቡትን አድማ ደግሞ ፍርድ ቤት አገደው። ስለዚህ በፌብሩዋሪ 12 ቀን 1968 ወንዶቹ ሥራ ሳይገቡ የቀሩት ዓመታት የፈጀ ጥያቄ መልስ አጥቶባቸው ነው። በማግሥቱ ወደ ከንቲባው ሄዱ፤ ከንቲባው በአዳራሽ ተቀብለው በሕዝብ ላይ አድማ መምታት ሕገወጥ ነው፣ ወደ ሥራችሁ ተመለሱ አሏቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው በሰፊው ተጽፏልና አልፈዋለሁ። በፌብሩዋሪ 23 ቀን የከተማው ምክር ቤት ማኅበሩን ለመቀበል የቀረበለትን ሐሳብ ጣለ፤ በዋናው መንገድ የወጡትን ሰልፈኞች ፖሊስ ዓይን በሚያቃጥል ጋዝ በተናቸው። ቄስ ጄምስ ሎውሰንና ሌሎች የሃይማኖት አባቶች ለአድማ መቺዎቹ ድጋፍ ሰበሰቡ። ኪንግ በማርች 18 በሜሰን ቴምፕል አዳራሽ ለጢም ብሎ ለሞላ ሕዝብ ተናገሩ፤ በማርች 28 የመሩት ሰልፍ ወደ ሁከት ተለወጠ፣ ላሪ ፔይን የተባለ የ16 ዓመት ልጅ በፖሊስ ተገደለ፤ በኤፕሪል 4 እርሳቸውም ወደቁ።

ስምምነቱ ኤፕሪል 16 ቀን ተደረሰ። አድማው 65 ቀን ፈጅቷል። በሰዓት 10 ሳንቲም ከሜይ 1 ጀምሮ፣ 5 ሳንቲም ደግሞ ከሴፕቴምበር ጀምሮ ተጨመረ። ከተማው እስከ በጀት ዓመቱ ማብቂያ ገንዘብ የለኝም ሲል፣ ኤብ ፕላው የተባሉ የሜምፊስ ባለሀብት ስማቸው ሳይነገር ክፍተቱን ከኪሳቸው ሸፈኑት። የቅሬታ ሥነ ሥርዓት ተጻፈ፤ ዕድገት በዘር እንዳይወሰን ተጻፈ። መዋጮውስ? የሠራተኞቹ የቁጠባና ብድር ማኅበር መሐል ገባ። ማዘጋጃ ቤቱ ለቁጠባ ማኅበሩ ይቆርጣል፣ የቁጠባ ማኅበሩ ለሠራተኛ ማኅበሩ ያስተላልፋል። ከንቲባው በቀጥታ ለማኅበሩ አልቆረጥኩም ማለት ቻሉ፤ ማኅበሩም ገንዘቡን አገኘ። ስለዚያች መዋጮ ያ ሁሉ ትግል የተደረገው ትርጉም ስላላት ነው። በየወሩ መዋጮውን ከእያንዳንዱ ሰው እጅ እየለመነ የሚሰበስብ ማኅበር ጠበቃ ሊቀጥር፣ ቢሮ ሊከራይ፣ የሚቀጥለውን ድርድር በእርጋታ ሊያዘጋጅ አይችልም። ጌታው ፔሮሉን በያዘበት አገር ማኅበርን ለማክሰም እስር ቤት አያስፈልግም።

ያም ወረቀት ሁሉን አልሸፈነም። ከአድማ መቺዎቹ ብዙዎቹ የከተማው የጡረታ ፈንድ ሳያቅፋቸው፣ በሶሻል ሴኩሪቲ ብቻ አረጁ። በ2017 የሜምፊስ አስተዳደር በሕይወት ለቀሩት ለእያንዳንዳቸው 50 ሺህ ዶላር ለመስጠት ሲወስን፣ አንዳንዶቹ በዚያ ዕድሜያቸው ገና ይሠሩ ነበር።

ከንቲባ ሎብ የተመኩበት ሕግ ግን ከየት መጣ? በ1935 የወጣው የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ግንኙነት ሕግ፣ በዋግነር ሕግ ስም የሚታወቀው፣ የግል ድርጅት ሠራተኞች በመረጡት ማኅበር በኩል እንዲደራደሩ መብት ሲሰጥ፣ ግዛቶችንና በሥራቸው ያሉ ከተሞችን፣ ካውንቲዎችን፣ የትምህርት ወረዳዎችን ከአሠሪ ትርጉም አወጣቸው። ስለዚህ የመኪና ፋብሪካ ሠራተኛ ያገኘውን መብት የከተማ ቆሻሻ ሰብሳቢ፣ መምህር፣ እሳት አጥፊ አላገኙም። ፍራንክሊን ሩዝቬልት ራሳቸው፣ ያንን ሕግ የፈረሙት ፕሬዚዳንት፣ በ1937 በጻፉት ደብዳቤ የኅብረት ድርድር እንዳለ ተነቅሎ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሊተከል አይችልም ብለዋል። በሰዎች አእምሮ ውስጥ የቦስተን ትዝታም ነበረ፤ በ1919 ከከተማው ፖሊሶች ሦስት አራተኛ ያህሉ አድማ መትተው፣ ከተማዋ ስትዘረፍ አድራ፣ ከ1,100 የሚበልጡት ተባረው በሌላ ተተኩ።

ተቃውሞውን ቀለል አድርጎ ማለፍ አይገባም። የጫማ ፋብሪካ ቢዘጋ ከሌላው እንገዛለን፤ የእሳት አደጋ መኪና ካልመጣ ሌላ የምንጠራው የለም። ገንዘቡም የአሠሪው ሳይሆን የግብር ከፋዩ ነው። በዚያ ላይ ማኅበሩ በምርጫ የሚደግፈው ሰው ተመርጦ ነገ ከማኅበሩ ጋር የሚደራደር ከንቲባ ይሆናል፤ ጠረጴዛውን በሁለቱም ወገን የያዘው ማን ነው ብሎ መጠየቅ የጠላትነት አይደለም። እኔ የምለያየው ከመደምደሚያው ነው። እሳት አጥፊው ሥራ እንዳያቆም መከልከል ይቻላል፤ የተከለከለውን ሰው ግን ሌላ መንገድ ሳይሰጡ መተው አይቻልም። አድማ በሚከለከልበት ቦታ ድርድሩ ሲዘጋ ወደ አስታራቂ፣ ከዚያም ወደ ገለልተኛ የግልግል ዳኛ የሚወስድ መንገድ በሕግ ሲበጅ ሕዝቡም አገልግሎቱን አያጣም፣ ሠራተኛውም አፉ አይታሰርም። በጀት የማጽደቁ ሥልጣን ደግሞ ከተመረጠው ምክር ቤት እጅ አይወጣም።

ይህን መንገድ ከግዛቶች ሁሉ በፊት የከፈተችው ዊስኮንሲን ናት። አፍስሚ በ1932 የተወለደው በዋና ከተማዋ በማዲሰን ነው፤ በ1959 ደግሞ የአካባቢ አስተዳደር ሠራተኞች በኅብረት የመደራደር መብት በሕግ አገኙ። ኒውዮርክና ሌሎችም ተከተሉ። ያቺው ዊስኮንሲን በ2011 በአገረ ገዢ ስኮት ዎከር ጊዜ መንገዱን መልሳ አጠበበች። አክት 10 የተባለው ሕግ ፖሊስንና እሳት አጥፊን ትቶ የሌሎቹን ድርድር በመነሻ ደመወዝ ላይ ብቻ ወሰነው፣ ጭማሪውንም ከዋጋ ንረት በላይ እንዳያልፍ ገደበ፣ ማኅበራቱ በየዓመቱ ድምፅ አሰጥተው ህልውናቸውን እንዲያስመሰክሩ አዘዘ፤ መዋጮ ከደመወዝ መቁረጥንም ከለከለ። ሎብ የተሟገቱባት መስመር ከ43 ዓመት በኋላ እንደገና ዋና ዒላማ ሆነች።

ለኛ ሰው ይበልጥ የሚቀርበው ግን የቨርጂኒያ ጉዳይ ነው። አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተን፣ ፌርፋክስ፦ ስማቸው ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን የሚኖሩት፣ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩት፣ ግብር የሚከፍሉት እዚያ ነው። በእነዚህ ከተማና ካውንቲዎች መሥሪያ ቤቶች የተቀጠሩ አበሾችም ጥቂት አይደሉም።

ቨርጂኒያ በ1946 የሕዝብ ባለሥልጣናት ከሠራተኛ ማኅበር ጋር እንዳይደራደሩ ስትወስን፣ ከበስተጀርባው በቻርለትስቪል የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ጥቁር ሠራተኞች መደራጀት ነበረ። በዚያው ዓመት አድማ የሚመታ የመንግሥት ሠራተኛ ራሱን እንዳሰናበተ ይቆጠራል፣ ለአንድ ዓመትም ተመልሶ አይቀጠርም የሚል ሕግ ወጣ፤ ዛሬም ይሠራል። አርሊንግተንና አንዳንድ ሌሎች አስተዳደሮች በ1960ዎቹና በ70ዎቹ በራሳቸው ፈቃድ ከሠራተኞቻቸው ጋር መፈራረም ጀምረው ነበር። በጃንዋሪ 1977 ግን የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስምምነቶቹን ሻረ። ምክንያቱ ካውንቲ ራሱን ችሎ የሚቆም ሥልጣን የለውም፣ የግዛቱ ሕግ በግልጽ ያልሰጠውን ሊሠራ አይችልም የሚል ነው። በ1993 ክልከላው በሕግ ተጻፈ። መምህሩ፣ የአውቶቡስ ሾፌሩ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ለዐሥርተ ዓመታት ማኅበር መመሥረት ይችሉ ነበር፤ ማኅበሩ ከአሠሪያቸው ጋር አንድ ነገር መፈራረም ግን አይችልም ነበር።

በ2020 የወጣው ሕግ፣ ከሜይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ፣ በሩን ገርበብ አደረገው። ከተማ፣ ካውንቲ ወይም የትምህርት ቦርድ ራሱ ከወሰነ ከሠራተኞቹ ጋር በኅብረት ሊደራደር ይችላል። በአንድ የሥራ ዘርፍ አብዛኞቹ ሠራተኞች ከጠየቁ ምክር ቤቱ በ120 ቀን ውስጥ ድምፅ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ እሺ የማለት ግዴታ ግን የለበትም። የግዛቱ ሠራተኞች፣ የሸሪፍና የግምጃ ቤት ሹም ቢሮዎች ሠራተኞች አልተካተቱም።

አሌክሳንድሪያ አልቆየችም። ሕጉ ሥራ ላይ ሳይውል፣ ቅዳሜ ኤፕሪል 17 ቀን 2021፣ የከተማው ምክር ቤት ደንቡን አጸደቀ፤ ከግዛቲቱ የመጀመሪያዋ ሆነች። አርሊንግተን በጁላይ፣ ፌርፋክስ በኦክቶበር ተከተሉ። በዓመቱ መጨረሻ የሪችመንድ የትምህርት ቦርድ ከትምህርት ቦርዶች ቀዳሚ ሆነ። በፌርፋክስ ትምህርት ቤቶች በ2024 በተደረገው ምርጫ ከ27 ሺህ የሚበልጡ መምህራንና የድጋፍ ሠራተኞች ተወካያቸውን መረጡ።

ሕጉ በፈቃድ ላይ በመቆሙ የሚፈጥረውን መዛባት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአንድ ሰፈር የሚኖሩ ሁለት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌሮች፣ አንድ ዓይነት መኪና እየነዱ፣ አንዱ የትርፍ ሰዓት አከፋፈሉ በተፈረመ ስምምነት ተወስኖለት፣ ሌላው ድንበር ተሻግሮ ቦርዱ «አይሆንም» ባለበት ካውንቲ ስለተቀጠረ ብቻ በየዓመቱ የሚወጣውን መመሪያ ይጠብቃል። የነገው ምክር ቤት ደግሞ የዛሬውን ደንብ ሊሽር ይችላል። ይህን ለማስተካከል፣ ድርድሩን በመላ ግዛቲቱ ለማስፈንና የሚቆጣጠረው ቦርድ ለማቋቋም የቀረበ ሕግ በ2025 በሁለቱም ምክር ቤቶች አልፎ፣ አገረ ገዢ ግሌን ያንግኪን አልፈርምም ብለው ውድቅ አደረጉት።

ይህን ሁሉ ሳነብ ሐሳቤ በተደጋጋሚ የሚሄደው ወደ አገር ቤት ነው። በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 42 የመደራጀትን፣ ከአሠሪ ጋር የመደራደርንና ሥራ የማቆምን መብት ለፋብሪካና ለአገልግሎት ሠራተኞች ብቻ አልሰጠም። ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉና የሥራቸው ጠባይ የሚፈቅድላቸው የመንግሥት ሠራተኞችንም በስም ጠርቷል። እነማን እንደሆኑ «በሕግ ይወሰናል» ብሎ ነው ያለፈው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኞችን ከወሰኑ ውጭ አድርጓቸዋል። ስለዚህ ንብረትነቱ የመንግሥት በሆነ የልማት ድርጅት የሚነዳ ሾፌር የኅብረት ስምምነት ሊኖረው ሲችል፣ በወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚነዳው ሾፌር የሚደራደርበት ጠረጴዛ የለም። ኢትዮጵያ በ1955 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 98፣ ከጦር ኃይልና ከፖሊስ ሌላ፣ የሚተወው በቀጥታ በመንግሥት አስተዳደር ሥራ ላይ የተሰማሩትን ብቻ ነው። የድርጅቱ የባለሙያዎች ኮሚቴም መምህራንና የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች በዚያ ቀዳዳ እንደማይወጡ ደጋግሞ አስረድቷል፣ መንግሥታችንንም ስለዚሁ ለዓመታት ጠይቋል።

በግንቦት 2017 ዓ.ም. በመንግሥት ሆስፒታሎች የሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዛቸውና ስለ ሥራ ሁኔታቸው ጥያቄ አቅርበው በከፊል ሥራ አቆሙ። መንግሥት ሕገወጥ አለው፤ በርካታ ባለሙያዎች ታሰሩ። ሌሊት ሙሉ በተረኝነት ቆሞ የቤት ኪራይ የማይከፍል ሐኪም መጠየቁ አያስገርምም። ታካሚው ያለ ሐኪም እንዳይቀር ማሰብም የመንግሥት ግዴታ ነው። የጎደለው በሁለቱ መካከል ሊኖር የሚገባው ነው፦ ባለሙያዎቹ በሕግ የታወቀ ተወካይ፣ መንግሥት ተቀብሎ የመደራደር ግዴታ፣ ካልተስማሙ የሚዳኝ ገለልተኛ ወገን፣ በድንገተኛና በወሊድ ክፍል የማይቋረጠው አገልግሎት ዝርዝር።

በዚያው ክረምት የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ እንደሚሻሻል ተነገረ፤ ዝቅተኛው ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ ለጀማሪ የዲግሪ ምሩቅ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር። ጭማሪው ትንሽ አይደለም፤ ብዙ ቤተሰብ እፎይ ብሎበታል። የመጣው ግን በመግለጫ ነው። መጠኑን ያሰላው፣ ቀኑን የቆረጠው፣ የተናገረውም አንድ ወገን ነው፤ የዋጋ ንረቱ ዳግም ሲበላው ጥያቄው በማን በኩል፣ ለማን፣ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚቀርብ የሚገልጽ፣ የሠራተኛው ተወካይ የፈረመበት ሰነድ አብሮት አልወጣም።